«ለእኛ አገር ቅንጦት አይሆንም?» ላለችኝ ልጅ

ሰሞኑን አንዲት የባዮቴክኖሎጂ ተመራቂ እንዲህ ስትል ጻፈችልኝ፦ «ጋሼ፣ በነፍሳት ቫይረስ ክትባት መሥራት የሚባለውን ወድጄዋለሁ። ግን ለእኛ አገር ቅንጦት አይሆንም? ሌላ ነገር ላጥና?» በሁለት መስመር ልመልስላት ብዬ ጀመርኩና አልሆነልኝም። የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰችብኝ። ስለዚህ ለእሷም፣ እንደ እሷ ለምታስቡም ሁሉ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ።

እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ወጣት ሳለሁ ውጭ አገር ለትምህርት ሄጄ ባኩሎቫይረስን ተዋወቅኩት። ሰውን አይነካም፤ የሚያጠቃው ትልና የእሳት እራትን ነው። ሜዳ ላይ ፖሊሄድሪን በሚባል ፕሮቲን ክሪስታል ተሸፍኖ፣ ፀሐይና ዝናቡን ችሎ፣ ሌላ ትል ቅጠሉን እስኪበላ ይቆያል። በላብራቶሪ ብልቃጥ (ፍላስክ) ውስጥ ሴል ለሴል ሲዛመት ግን ሽፋኑ አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ1983 ቴክሳስ ውስጥ ጌል ስሚዝና ማክስ ሰመርስ በሽፋኑ ጂን ቦታ የሰው ኢንተርፌሮን (ሰውነታችን ቫይረስን ለመከላከል የሚያመነጨው ፕሮቲን) ጂን አስገቡ። ቫይረሱም ክሪስታሉን በሚያመርትበት ጉልበት ኢንተርፌሮን አመረተላቸው። በዚያው መንገድ የሌላ ጀርም ፕሮቲን ሲያስመርቱት ክትባት ይሆናል።

በእኔ ጊዜ ጂኑን የተቀበለው ቫይረስ የሚለየው በዓይን ነበር። ክሪስታል ያለበት ቦታ በማይክሮስኮፕ ሲያዩት እንደ ተሰባበረ መስተዋት ያብረቀርቃል፤ የምንፈልገው ግን ደብዛዛው ነው። ከመቶ አንድ ከተገኘ ደስታ ነበር። ዛሬ ባክሚድ፣ ማለትም የቫይረሱን ዘረመል ባክቴሪያ ውስጥ አስቀምጦ ጂን የማስገባት ዘዴ፣ መጥቶ ይህ ሁሉ ልፋት ቀርቷል፤ እሰይ እንኳን ቀረ።

አገሬ ስመለስ ከአስተማሪዬ የተሰጠኝን፣ ባኩሎቫይረስ የሚራባበትን ኤስኤፍ9 የተባለ የነፍሳት ሴል ይዤ ገባሁ። ሴሉ መነሻው የአሜሪካ ተምች ሙሽሬ (ከትል ወደ እሳት እራት በመለወጥ ላይ ያለ) ነው። 27 ዲግሪ አካባቢ ያድጋል፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር አይጠይቅም። ጋዝ አዝዞ ወራት ለሚጠብቅ ላብራቶሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሐሳቤ ፈረስ ለሚገድለው የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ክትባት መሥራት ነበር። ደብረ ዘይት አካባቢ አንድ ጋሪ ነጂ ከሞተ ፈረሱ አፍንጫ የሚወጣውን አረፋ በጋቢው ጫፍ ሲጠርግ አይቻለሁ። ፈረሱ ሞቶም ይጠርግለት ነበር። እንጀራው ያ ፈረስ ነበር። ቪፒ2 የተባለው የበሽታው ቫይረስ ፕሮቲን በባኩሎቫይረስ ሲመረት ፈረስን ከበሽታው እንደሚጠብቅ ተመራማሪዎች አሳይተው ነበር። እንዲህ ባለው ክትባት ውስጥ ሕያው የበሽታ ቫይረስ የለም፤ ተመልሶ ይበረታል የሚል ስጋትም የለም።

ሴሎቹ አደጉልኝ። ከፊሉን ለመጠባበቂያ አቀዝቅዤ በፈሳሽ ናይትሮጂን ታንክ አስቀመጥኩ። ከዚያ የበጀት ዓመቱ መዝጊያ መጣ። የፈሳሽ ናይትሮጂን ግዢ ለፊርማ ቀርቦ ጠረጴዛ ላይ ከረመ፤ በዚያው ሰሞን መብራት እየጠፋ በፍላስክ ያሉትም ተበላሹ። ታንኩን ስንከፍት ደርቋል። አንዱን ብልቃጥ ትራይፓን ብሉ በተባለው ቀለም ፈተንኩት። ሕያው ሴል ቀለሙን አያስገባም፤ እኔ ያየሁት ግን ሁሉም ሰማያዊ ነበር። ሌላ ሴል እንድናስመጣ ስጠይቅ «ለጊዜው ቅድሚያ የሚሰጠው አይደለም» ተባልኩ። አንድም ፈረስ ሳልከትብ ጡረታ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? እ.ኤ.አ. በ2013 ፍሉብሎክ የተባለ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፤ የሚመረተው በዚያው ተምች ሴል ነው። የኖቫቫክስ የኮቪድ ክትባትም እንዲሁ። የማኅፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው ሰርቫሪክስ ደግሞ በሌላ የእሳት እራት ሴል ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ2017 ራሱ ተምቹ አገራችን ገባና ገበሬው በቆሎ ማሳው ላይ ጎንበስ ብሎ በእጁ ይለቅመው ጀመር። ነፍሳቱ ሲመጣብን ሴሉ በእጃችን አልነበረም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ልጄ፣ ቅንጦት አይደለም። አንብቡ፣ ትጉ የሚለውን ሌላ ሰው ይነግራችኋል። እኔ የምለው ሴል ማቆየት ተማሩ ነው። ናይትሮጂን ከየት እንደሚገዛ፣ ጀነሬተሩን ማን እንደሚያስነሣ፣ የግዢ ጥያቄ በየትኛው ወር መግባት እንዳለበት እወቁ። የዛሬ ልጆች በላፕቶፕ በአንድ ሌሊት ጂን ስትነድፉ አይቼ እደነቃለሁ። ነገር ግን እሑድ ጠዋት መጥቶ ፍላስኩን የሚያይ አላገኝም። ሴል ደግሞ በዓል አያውቅም።

ውጭ አገር ካልሄድን አይሆንም የምትሉት ያናድደኛል፤ እዚሁ ብዙ መሥራት ይቻላል። ይሁንና ጥሩ ቦታ ካገኘሽ ሂጂ። እኔም እዚህ ብቀር ኖሮ ያን ደብዛዛ ነጥብ ማን ያሳየኝ ነበር?

ምን ላጥና ላልሽው፣ ባኩሎቫይረስ ላይ ብቻ አትቁሚ። ከኔጌቭ በረሃ ትንኞች የተገኘ ኤይላት የሚባል ቫይረስ አለ፤ በትንኝ ሴል ይራባል፣ በሰውና በእንስሳት ሴል ግን አይራባም። የአሜሪካ ተመራማሪዎች በትንኝ የሚተላለፈውን የቺኩንጉንያ ቫይረስ የላይኛ ፕሮቲኖች አልብሰውት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተሰጥቶ አይጦችንና ጦጣዎችን ከበሽታው እንደጠበቀ እ.ኤ.አ. በ2017 አሳትመዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ድሬዳዋ በቺኩንጉንያ ስትመታ ብዙ ሰው በትኩሳትና በመገጣጠሚያ ሕመም አልጋ ላይ ወደቀ። ጥናቱን አንብቢና የገባሽንም ያልገባሽንም ጻፊልኝ። ሴል ያገኘሽ ዕለት ደግሞ ግማሹን ሌላ ከተማ ላለ ላብራቶሪ ስጪ፣ የተቀባዩንም ስልክ ያዢ።