«ይትቀደስ ስምከ» በማልታ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ61 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው እዚሁ ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ነው። ጣሊያን ያለችው ልጄ በመጪው የካቲት ማልታ ልትወስደኝ አስባለች። ሐዋርያው ጳውሎስ መርከቡ የተሰበረበትን ደሴት ማየት የዘመናት ምኞቴ ነበር። ልጄ ከአስጎብኚ ጋር የሚደረግ የ6 ቀን ጉብኝት አግኝታ ፕሮግራሙን ልካልኛለች። ግን ጉልበቴን ያመኛል፤ ከቡድን ጋር መሮጥ እፈራለሁ። ከልጄ ጋር ቀስ ብለን ብንዞር አይሻልም? እርስዎ ማልታን አይተው መምጣትዎን ሰምቼ ነው የምጠይቅዎ።
እናት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ያነበብኩት አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ተቀምጬ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባ ሲያስጠጉ ሳይ ማርሳሽሎክ ትዝ አለችኝ። የማልታ ዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። ጀልባዎቹ ቢጫ፣ ቀይና ሰማያዊ የተቀቡ ናቸው፤ ከፊታቸው ግራና ቀኝ ዓይን ተሥሎባቸዋል፣ ከክፉ ይጠብቀናል ብለው። እሑድ ጠዋት ገበያዋ ይደምቃል። ለእሷ አስጎብኚ አያስፈልግዎትም፤ ከልጅዎ ጋር በአውቶቡስ ሄደው ዓሣ በልተው ይመለሱ።

አስጎብኚ የግድ የሚያስፈልግባቸው ቦታዎች ግን አሉ። ይህን የምለው ራሴ ተሳስቼ ስለተማርኩ ነው። ራባት በምትባለው ከተማ የቅዱስ ጳውሎስ ካታኮምብ የሚሉት፣ ከመሬት በታች ከዐለት የተፈለፈለ ጥንታዊ የመቃብር ስፍራ አለ። ዕድሜዬን ሙሉ ታሪክ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፣ ምን ያስቸግረኛል ብዬ ብቻዬን ገባሁ። ሃያ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ጉድጓድ ብቻ አይቼ ወጣሁ። በማግስቱ ከአስጎብኚ ጋር ተመለስኩ፤ በእርስዎ ዕድሜ ያለች የአገሩ ተወላጅ ሴት ናት። እኔ ትናንት የረገጥኩትን ክብ ድንጋይ አሳየችኝ። ለካ ከዐለቱ ተጠርቦ የተሠራ ማዕድ ነው፤ ቤተ ዘመድ ዙሪያውን ሆኖ ለሙታኑ መታሰቢያ የሚበላበት። ተዝካር ነዋ! አስጎብኚዋ ባትኖር ኖሮ ሳላየው አገሬ እገባ ነበር።

በዚያው ከተማ፣ በቅዱስ ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን ሥር፣ ሐዋርያው አርፎበታል የሚባለው ዋሻ አለ። ከመሄድዎ በፊት የሐዋርያት ሥራን 27ኛና 28ኛ ምዕራፍ ደግመው ያንብቡ። በመርከቢቱ የነበሩት 276 ነፍስ ናቸው፤ በደሴቲቱ የቆዩት 3 ወር ነው፤ እባቡም፣ የደሴቲቱ አለቃ አባት ከንዳድ መፈወስም እዚያው ተጽፏል። እኔ ዋሻው ውስጥ ቆሜ በስልኬ ላነበው ብል ዓይኔ እንባ ሞልቶ አልቻልኩም።

አሁን ወደ ትልቁ ነገር ልምጣ። የማልታ ቋንቋ እንደ ግዕዝና እንደ አማርኛ ሴማዊ ነው። ከ870 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በኋላ ደሴቲቱን የያዙት ዐረቦች ካመጡት ዐረብኛ የወጣ ሲሆን ብዙ የጣሊያንኛ ቃል ገብቶበታል፤ የሚጻፍበት ፊደል ግን የላቲን ነው። ዓይን «አይን» ነው፣ ደም «ደም» ነው፣ ራስ «ራስ» ነው፣ ሰማይ «ሰማ» ነው። «ኤልፍ» ሺህ ማለት ነው፤ የእኛ እልፍ ደግሞ ዐሥር ሺህ። ይህን የሰማሁ ጊዜ አስጎብኚያችንን አባታችን ሆይን በቋንቋሽ በይልኝ አልኳት። ስትጀምር ምንም አልገባኝም። ቀጥላ «ይትአደስ ኢስመክ» አለች። ቀ-ን ጉሮሯቸው ውስጥ ያስቀሩታል እንጂ «ይትቀደስ ስምከ» ነው! እኔም በግዕዝ መለስኩላት። እጄን ያዘችና ድገምልኝ አለችኝ፤ መንገድ ዳር ቆመን ሁለታችንም ደግመን ጸለይነው። ከጉዞዬ ሁሉ ይህን የሚያህል አላገኘሁም። በውጭ ዜጋ የሚመራ ቡድን ይህን አይሰጥዎትም፤ ስለዚህ ልጅዎ አስጎብኚው ማልታዊ መሆኑን አስቀድማ ትጠይቅ።

ፕሮግራሙን በተመለከተ የእኔ ቡድን የዋና ከተማዋን የቫሌታን የቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል በ40 ደቂቃ አስጨርሶ፣ ቀሪውን ጠዋት ጌጣጌጥ ሱቅ ውስጥ አቁሞናል። አሁንም ያንገበግበኛል። ካቴድራሉ ከ1572 እስከ 1577 (እ.ኤ.አ.) የተሠራ ነው፤ ወለሉ በሙሉ ያን ጊዜ ደሴቲቱን ይገዙ የነበሩት የቅዱስ ዮሐንስ ማኅበር ፈረሰኞች መቃብር የሆነ ባለ ቀለም እብነ በረድ ነው። በጎን ባለው የጸሎት አዳራሽ ጣሊያናዊው ሠዓሊ ካራቫጆ በ1608 (እ.ኤ.አ.) የሣለው የመጥምቁ ዮሐንስ አንገት መቆረጥ አለ። ሠዓሊው ስሙን የጻፈበት ሥዕል ይህ ብቻ ነው፤ የጻፈውም ከዮሐንስ አንገት በሚፈሰው ደም ላይ ነው። ፊት ለፊቱ ወንበር ይዘው ይቀመጡ፣ ማንም አያስነሳዎት።

ለጉልበትዎ፦ ቫሌታ ደረጃ የበዛባት ከተማ ናት፤ ከወደቡ ወደ ላይ ግን ባራካ የሚባል አሳንሰር ያወጣዎታል። ደግሞም አገሩ በሙሉ 316 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ሁለተኛዋ ደሴት ጎዞማ ከሐዋሳ ሐይቃችን ታንሳለች። ስለዚህ ሦስቱን ቀን ከአስጎብኚ ጋር፣ ሦስቱን ከልጅዎ ጋር ያድርጉት።

የካቲት መሆኑ መልካም ነው። የጳውሎስን መርከብ መሰበር በዓል የሚያከብሩት ፌብሩዋሪ 10 ነው፤ በእኛ የካቲት 3 ገደማ መሆኑ ነው። ቫሌታ ውስጥ የሐዋርያውን ሐውልት በትከሻቸው ተሸክመው ሲወጡ የእኛን የገብርኤል ንግሥ ያስታውስዎታል። ብርዱ ከሐዋሳ ይበልጣል፤ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት ይያዙ።

የቀረኝ ሃይፖጂየም ነው፤ ከ5,000 ዓመት በፊት ከመሬት በታች የተፈለፈለ፣ ወደ 7,000 ሰው እንደተቀበረበት የሚገመት ስፍራ። የሰው ትንፋሽ ዐለቱን ስለሚጎዳው በአንድ ጊዜ ከ10 ሰው በላይ አያስገቡም። እኔ ትኬት ሳልይዝ ሄጄ ከበሩ ተመልሻለሁ። ደረጃ እንዳለው ነግረውኛል፤ ሰው ጥቂት ስለሆነ ግን የሚገፋዎ የለም። ትኬቱ ከብዙ ሳምንት በፊት ስለሚያልቅ ልጅዎ ዛሬውኑ ትያዝልዎ።