መጀመሪያ እንስሳውን ንገሩኝ፦ ስለ አደን ጠመንጃ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶች

ባለፈው ወር ስለ ደጋ አጋዘን ስጽፍ ጠመንጃን ያነሳሁት በአንድ አንቀጽ ብቻ ነበር። ደብዳቤው ሁሉ የመጣው ግን በዚያች አንቀጽ ላይ ነው። ስለ እንስሳው የጠየቀኝ አንድ ሰው እንኳን የለም፤ ታዝቤ አልፌዋለሁ። ከጅማ ከተማ፣ ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከሰቃ፣ አንዱም ከባሕር ማዶ ከመጡት ውስጥ መርጬ እመልሳለሁ። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ስምም አልጠቅስም። በአገራችን ያለ ፈቃድ ማደንም ሆነ ያለ ፈቃድ ጠመንጃ መያዝ ክልክል መሆኑን እዚህ አንድ ጊዜ ብያለሁና በየመልሱ አልደግመውም።

«ጋሼ፣ ለአደን ከሁሉ የሚበልጠው ካሊበር የትኛው ነው? ከጓደኞቼ ጋር ቡና ላይ ተከራክረን አልተስማማንም። አንዱ ‹ካራሞጆ ቤል በትንሽ ጥይት ዝሆን ይጥል ነበር› ብሎ አፋችንን አዘጋን።» — ከጅማ፣ መርካቶ

ካሊበር ማለት የአፈሙዙ ስፋትና ጠመንጃው የሚጎርሰው የጥይት ዓይነት ነው። ምን ልታድኑ እንደሆነ ሳትነግሩኝ የትኛው ካሊበር ይበልጣል ማለት፣ የት እንደሚሄዱ ሳይናገሩ የትኛው ጫማ ይሻላል እንደማለት ነው። የምኒልክ ድኩላ ወንዱ ቢበዛ 80 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። የሚውለው ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚተኮሰው ከ100 ሜትር ባነሰ ርቀት ነው። ለእርሱ 7×57 ወይም 308 ዊንቸስተር ይበቃል፣ ይተርፋልም (እነዚህ የጥይት ስሞች ናቸው፤ ቁጥሮቹን ከታች እፈታቸዋለሁ)። ደጋ አጋዘን ሌላ ነገር ነው። ትልቁ ወንድ ወደ 300 ኪሎ ግራም ሊጠጋ ይችላል። በባሌና በአርሲ ተራሮች፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በአስታ ቁጥቋጦ መካከል ነው የምታገኙት፤ ተኩሱም ከአንዱ ሸንተረር ወደ ሌላው ሊሆን ይችላል። እዚያ 30-06 ወይም 300 ዊንቸስተር ማግነም ቦታቸው ነው። ጎሽ ደግሞ ከ700 ኪሎ ግራም ሊያልፍ የሚችል ቂመኛ ነው። ለእርሱ የሙያው ሰዎች ከ375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ በታች መሄድን አይመክሩም፤ በበርካታ የአፍሪካ አገሮችም ሕጉ ራሱ ከዚያ በታች አይፈቅድም።

አንድ ብቻ ምረጥ ብላችሁ ብታስጨንቁኝ 30-06ን እመርጣለሁ። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1906 የተቀበለው ጥይት ነው። 11.7 ግራም የሚመዝነውን አረር በሰከንድ 820 ሜትር ገደማ ይወረውራል፤ ጤነኛ ትከሻም ይችለዋል። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ በዓለም ዙሪያ የማይገኝበት የጥይት መደብር ጥቂት መሆኑ ነው። ካሊበር ሲመረጥ ፍጥነቱንና ጉልበቱን የሚያወዳድር ሰው ሞልቷል፤ «ይህ ጥይት ሲያልቅብኝ ከየት አገኛለሁ?» ብሎ የሚጀምር ግን ጥቂት ነው። ጎሽ በፈቃዱ ውስጥ ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ1912 የወጣውን 375 ያዙ። 19.4 ግራም አረር በሰከንድ 770 ሜትር ገደማ ይልካል፤ ለደጋ አጋዘንም አይበዛም። ትልቁን ይዞ ትንሹን ማደን ይቻላል፤ ትንሹን ይዞ ጎሽ ፊት መቆም ግን ሌላ ጨዋታ ነው።

ወደ ቤል ልመለስ። ካራሞጆ የሚል ቅጽል ስም ያለው ስኮትላንዳዊው የዝሆን አዳኝ ደብልዩ ዲ ኤም ቤል እውነተኛ ሰው ነው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያም እስከ ጊሎ ወንዝ ዘልቆ አድኗል፤ እንግሊዞች 275 ሪግቢ በሚሉት 7×57 ብዙ ዝሆን መጣሉም እውነት ነው። ነገር ግን ይህ ሰው የዝሆን ራስ ቅል በመጋዝ ሰንጥቆ፣ አንጎሉ ከየትኛው አቅጣጫ ሲታይ የት ላይ እንደሚገኝ ያጠና ነበር። የሚተኩሰውም የማይፈነዳ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው አረር ነው። ጓደኛችሁ ጥይቱን አንስቶ መጋዙን ረስቷል።

«አባቴ የተዉልኝ ቤልጅግ አለ። ፈቃዱም በስሜ ዞሯል። ለአደን ይሆናል ወይስ ማስታወሻ ብቻ ነው? አንድ ወዳጄ ‹ሰደፉን አሳጥረህ መነጽር አስገጥምለት፣ እንደ አዲስ ይሆናል› ብሎኛል።» — ከአጋሮ

እባክዎ ወዳጅዎን ከጠመንጃው ያርቁልኝ።

በአገራችን ቤልጅግ የምንለው በቤልጅየም፣ በኤርስታል ከተማ፣ ኤፍ ኤን በተባለው ፋብሪካ የተሠራው መውዜር ነው፤ ከጣሊያን ወረራ በፊት ንጉሠ ነገሥቱ ለሠራዊታቸው ከገዟቸው መካከል ይገኛል። አንዳንዱ ላይ የአንበሳው ወይም የዘውዱ ምልክት ተቀርጾ ይታያል። ውስጡ ያለው ጀርመናዊው ፖል መውዜር እ.ኤ.አ. በ1898 ያጠናቀቀው አሠራር ነው። ዛሬ በውድ ዋጋ የሚሸጡት የእንግሊዝና የጀርመን የአደን ጠመንጃዎች ብዙዎቹ ይህንኑ አሠራር የተከተሉ ናቸው። መቀርቀሪያው ከፊት በሁለት ጉልህ ጥርሶች ይቆለፋል፤ ከኋላ ደግሞ ሦስተኛ የመጠባበቂያ ጥርስ አለው። ቀለህ (የጥይቱ ባሩድ መያዣ) ቢሰነጠቅ ጋዙ ወደ ተኳሹ ዓይን እንዳይመጣ ማስተንፈሻ ቀዳዳ ተበጅቶለታል። ትልቁ ጥፍር ጥይቱን ገና ከካዝናው ሲወጣ ነክሶ ይይዘዋል፤ ጠመንጃው ቢዘነበልም ጥይቱ አይወድቅም፣ ሁለት ጥይትም ባንድነት አይጎርስም። ስለዚህ በአሠራር በኩል የአባትዎ ጠመንጃ ከማንም አያንስም።

የሚያሳስበኝ ዕድሜው ነው። ከመተኮስዎ በፊት መቀርቀሪያው ላይ ያለውና አካሉ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ዓይነት መሆኑን ይመልከቱ። በዚያ ሁሉ ዘመን መቀርቀሪያው ከሌላ ጠመንጃ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ ያልተለካ መቀርቀሪያ ደግሞ ጥይቱን በትክክል ደግፎ አይይዝም፣ ቀለሁም ውስጡ ሊቀደድ ይችላል። የጦር መሣሪያ ጥገና የሚያውቅ ባለሙያ በመለኪያ ያረጋግጥልዎ። ከዚያ መቀርቀሪያውን አውጥተው አፈሙዙን ወደ ብርሃን ያዙት፤ ጠመዝማዛው መስመር እስከ ጫፍ ጥርት ብሎ ከታየ ደስ ይበልዎ።

ሁለተኛው ጉዳይ ጥይቱ ነው። 7.92×57 ለአጋዘንም ለከርከሮም የሚበቃ ጉልበት አለው። ግን ለጦር ሜዳ የተሠራው ጥይት አረሩ ሙሉ በሙሉ በብረት የተሸፈነ ስለሆነ እንስሳውን በስቶ ያልፋል፤ ቆስሎ ሩቅ ሄዶ ይሞታል። ለአደን ጫፉ ለስላሳ የሆነና ሲመታ የሚሰፋ አረር ነው የሚፈለገው። ሲገዙም ልብ ይበሉ፦ በዚህ ስም ሁለት ዓይነት ጥይት አለ። የድሮው አረር 8.07 ሚሊ ሜትር፣ እ.ኤ.አ. ከ1905 ወዲህ ያለው 8.22 ሚሊ ሜትር ነው። ለእርስዎ የሚሆነው ሁለተኛው ሲሆን ሳጥኑ ላይ ኤስ የሚል ፊደል ይኖረዋል።

ሰደፉን ማሳጠሩንና ብረቱን በስቶ መነጽር መግጠሙን በተመለከተ፣ ጠመንጃው የእርስዎ ነውና አልከለክልዎትም። ግን የተበሳ ብረት ተመልሶ አይደፈንም፤ የታሪክ ዋጋውም ያኔውኑ ይሄዳል። መነጽር የሚያስፈልግዎት ከሆነ ሌላ ጠመንጃ ይፈልጉ።

«በጥይት ስም ላይ ያሉት ቁጥሮች ምን ማለት ናቸው? አንዱ በሚሊ ሜትር፣ አንዱ በሌላ፤ ተምታታብኝ።» — ከሊሙ ገነት

የአውሮፓው ቀላል ነው። 7×57 ሲባል የአፈሙዙ ስፋት 7 ሚሊ ሜትር፣ የቀለሁ ርዝመት 57 ሚሊ ሜትር ነው። የእንግሊዝና የአሜሪካው የኢንች ክፍልፋይ ነው፤ 375 ማለት የአንድ ኢንች ሺኛ 375፣ ወደ 9.5 ሚሊ ሜትር ገደማ። 30-06 ላይ ያለው 06 ግን መለኪያ ሳይሆን የዓመተ ምሕረቱ መጨረሻ ነው። ወጥ ሕግ የለውም፤ ያወጣው ሁሉ እንደፈለገ ሰይሞታል። ዋናው ነገር አፈሙዙ ላይ የተቀረጸውና ቀለሁ ቂጥ ላይ የተጻፈው አንድ መሆኑ ነው። «ይቀራረባል» የሚባል ነገር የለም።

«በጅማ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩ ወጣት ሴት ነኝ። ከአደን አስጎብኚዎች ጋር መሥራት እፈልጋለሁ። በ375 አንድ ጊዜ አስተኩሰውኝ ትከሻዬን ለሳምንት አመመኝ። ወንዶቹ ‹ይህ ሥራ ያንቺ አይደለም› አሉኝ።» — ከጅማ፣ ኮቺ

የኔ ልጅ፣ ጀማሪን በ375 ማስጀመር የእነርሱ ጥፋት ነው። ወንዶቹም ቢሆኑ አብዛኞቹ ምቱን ፈርተው ምላጩን ሲስቡ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ሲስቱ ደግሞ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ ካሊበሩን ይወቅሳሉ። ፉከራችን ስለ ገዳይ እንጂ ስለ ተለማማጅ አይናገርምና ይህን ማንም ጮክ ብሎ አይነግርሽም።

በ22 ካሊበር ጀምሪ፤ ምቱ የለም ማለት ይቻላል። ምላጩን ሳትነጥቂ ቀስ ብሎ መጫንን እጅሽ ይልመድ። ከዚያ 7×57 ወይም 308። ሁለተኛ፣ የሰደፉ ርዝመት ለአንቺ ይሁን። የገበያው ሰደፍ የሚለካው ለመካከለኛ ቁመት ወንድ ነው። ክንድሽን አጥፈሽ የሰደፉን ጫፍ ክርንሽ ውስጥ ስታሳርፊ የጠቋሚ ጣትሽ የመጀመሪያው አንጓ ምላጩ ላይ ካልደረሰ ይረዝምብሻል። የረዘመ ሰደፍ ትከሻ ላይ በትክክል አይቀመጥም፤ ሕመሙም ግማሹ ከዚያ ነው። የጎማ መደገፊያ ይጨመርበት፣ የጆሮ መከላከያም አትርሺ። ሰው የሚደነግጠው ከምቱ ይልቅ በድምፁ ነው። 375 የሚቆየው ለኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ቆመሽ ተኩሺው እንጂ ተኝተሽ አይሁን። የቆመ ሰው ከምቱ ጋር ወደ ኋላ ይለጠጣል፤ የተኛ ሰው ሁሉንም በትከሻው ይቀበላል።

«ውጭ አገር ነው የምኖረው። ጥሩ የአደን ጠመንጃ ልገዛ ብዬ ዋጋውን ሳይ አንዱ የሌላውን ሃያ እጥፍ ነው። ሁለቱም ይተኩሳሉ። ልዩነቱ ምንድን ነው?»

ዒላማ ላይ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ዛሬ ርካሽ የሚባለውም ፋብሪካው በማሽን በትክክል ስለሚቆርጠው 100 ሜትር ላይ ሦስት ጥይት በትንሽ ክብ ውስጥ ያስቀምጣል። የውዱ ዋጋ የሚገባው በእጅ ሥራ ነው፦ ዘመናት ያደረቀ የዋልነት እንጨት፣ ብረቱና እንጨቱ ፀጉር ሳያስገባ መግጠሙ፣ በጭቃም በአቧራም ሳይንገራገጭ የሚሄድ መቀርቀሪያ፣ ሳይንሸራተት በአንድ ጊዜ የሚለቅ ምላጭ። በቅርጻ ቅርጹና በወርቁ አውሬ አይወድቅም። ለዓይን ደስታ የሚከፍል ይክፈል፤ እኔ አልከፍልም።

ግን አንድ ነገር ላይ እከፍላለሁ። ለጎሽና ለመሰሉ አደገኛ እንስሳት የሚሆን ጠመንጃ ከሆነ ከላይ ለአጋሮው አንባቢ ያነሳሁት ትልቁ የመውዜር ጥፍር ይኑረው። እ.ኤ.አ. በ1936 የወጣው ዊንቸስተር ሞዴል 70 ይህ ጥፍር ነበረው፤ በ1964 ወጪ ለመቀነስ ሲሉ አስቀሩት። ከዚያ በፊት የተሠራው እስከ ዛሬ የሚፈለገው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው፤ ፋብሪካውም በ1990ዎቹ መልሶታል። ለድኩላና ለአጋዘን ብቻ ከሆነ እንደ ሬሚንግተን 700 ያለው ያለዚያ ጥፍር የሚሠራውም ችግር የለበትም። ወደዚህ ይዘው ለመምጣት ካሰቡ ግን ጠመንጃውን ሳይገዙ በፊት አስጎብኚ ድርጅትዎ የመግቢያ ፈቃዱን በጽሑፍ ያስጨርስልዎ፤ አየር ማረፊያ ደርሶ መከራከር ዋጋ የለውም።

«በክረምት ጠመንጃዬ ዝገት አልለቅ አለው። ሰደፉም ተሰንጥቋል፤ አናጢዬ በዋንዛ ልሥራልህ አለኝ።» — ከሰቃ

ጅማና አካባቢዋ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚያገኙ ስለሆነ ዝገቱ አይገርምም። በጨርቅ ወይም በቆዳ ማህደር ውስጥ አቆይተውት ከሆነ ያውጡት፤ ማህደሩ እርጥበት ያፍናል። የድሮ ወታደራዊ ጥይት ተኩሰው ከሆነ ደግሞ ዘይት ብቻውን አያድነውም። በዚያ ጥይት ማቀጣጠያ ውስጥ ያለው ኬሚካል ሲቃጠል ጨው ይተዋል፤ ጨው እርጥበት ይስባል፣ በዘይትም አይሟሟም። የዚያኑ ዕለት አፈሙዙን በፈላ ውኃ አጥበው፣ በደንብ አድርቀው፣ ከዚያ ስስ ዘይት ይቀቡ። ጠመንጃን በውኃ ማጠብ የሚያስደነግጣቸው ሰዎች አሉ፤ የድሮ ወታደሮች ግን እንዲሁ ነበር የሚያደርጉት።

ዋንዛ ለጅማ በርጩማ ይሁን። ለስላሳ እንጨት ስለሆነ በምቱ ብዛት ይሰነጠቃል። ዋልነት ካላገኙ በፋብሪካ የተሠራ የፕላስቲክ ሰደፍ ያስገጥሙ፤ አያምርም፣ ግን በዝናብ አያብጥም። ያበጠ እንጨት አፈሙዙን እየገፋ ዒላማ ያዛባል።

«ከርከሮና የዱር አሳማ በቆሎዬን ጨረሱት። የትኛውን ጠመንጃ ልግዛ?» — ከጎማ

የትኛውንም አይግዙ። የዱር አሳማው የሚመጣው በአብዛኛው ሌሊት ነው። የ30-06 አረር ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሊሄድ ይችላል፤ ከማሳዎ በስተጀርባ ደግሞ የጎረቤት ቤት አለ። ለቀበሌና ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያመልክቱ፤ እስከዚያው ከጎረቤቶችዎ ጋር ተራ ገብታችሁ ጠብቁ፣ ዳሩንም ቆፍሩ።

«ስንት ጊዜ የሚያጎላ መነጽር ልግዛ? ሻጩ 24 ይሻላል አለኝ።» — ከጅማ፣ አጂፕ

ሻጩ ውዱን ነው የመረጠልዎ። በደን ውስጥ 24 ጊዜ የሚያጎላ መነጽር የሚያሳየው ቅጠልና የቅጠሉን አከርካሪ ብቻ ነው፤ ድኩላው ሄዷል። ከ2 እስከ 7 ወይም ከ3 እስከ 9 የሚያጎላ ይግዙ፤ ሲጓዙም ዝቅተኛው ላይ አድርገው ይያዙት። ለተራራ ከሆነ በ200 ሜትር ላይ በትክክል እንዲመታ ያስተካክሉት። 30-06 በ300 ሜትር ላይ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ይወርዳልና ይህን ሂሳብ ይያዙ። ወደ ቁልቁልም ሆነ ወደ ዳገት ሲተኩሱ ግን አረሩ ከጠበቁት በላይ ከፍ ብሎ ይመታል፤ ባሌ ላይ አጋዘን የሚሳተው በብዛት በጀርባው በላይ ነው። ከመነጽሩ ዋጋ የተረፈዎትን ገንዘብ ለመግጠሚያው ብረት ያውሉት፤ ርካሽ መግጠሚያ ከጥቂት ተኩስ በኋላ ይላላል።