«ጋማ ከራጅ ይበረታል» ብለሽ አትመልሺ

ጥያቄ፦ 4 ኪሎ ፊዚክስ አጥንቼ ተመርቄያለሁ። አንድ ሆስፒታል ለጨረር ደህንነት ረዳት ባለሙያነት ቃለ መጠይቅ ጠርቶኝ «ራጅና ጋማ በምን ይለያያሉ?» ሲሉኝ «ጋማ ጉልበቱ ይበልጣል» ብዬ ወደቅሁ። በቅርቡ ሜክሲኮ አካባቢ ሌላ ፈተና አለኝ። ምን ላጥና?

መልስ፦ እህታችን፣ ብዙ ተመራቂ የሚመልሰው እንዲሁ ነው፤ ግን ስህተት ነው። በ6 ሜጋቮልት የሚሠራ የካንሰር ሕክምና አክስለሬተር (ኤሌክትሮን አፍጣኝ ማሽን) ራጁ እስከ 6 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት (የጉልበት መለኪያ) ይደርሳል፤ ለምርመራ በደም ሥር የሚሰጠው የቴክኒሺየም 99ኤም ጋማ ግን 140 ሺህ ብቻ ነው። የሚለያቸው መነሻቸው ነው፦ ጋማ ከኒውክለስ፣ ራጅ ከኤሌክትሮኖች። መጀመሪያ ይህን በይ፣ ከዚያ አብራሪ።

በራጅ ቱቦ ውስጥ ኤሌክትሮኖች በከፍተኛ ቮልቴጅ ተገፍተው አኖዱ፣ ማለትም የተንግስተን ብረት ኢላማው፣ ላይ ያርፋሉ። ከጉልበታቸው 99 በመቶ ያህሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ አኖዱ የሚሽከረከረውም አንድ ቦታ ላይ እንዳይቀልጥ ነው። ከሚወጣው ራጅ አብዛኛው ኤሌክትሮኖቹ ኒውክለስ አጠገብ አቅጣጫቸው ሲታጠፍና ፍጥነታቸው ሲቀንስ የሚለቁት ነው፤ ጉልበቱ ከዝቅተኛው አንስቶ በቱቦው ቮልቴጅ እስከሚወሰነው ጣሪያ ይዘረጋል። ሌላው ከኬ ሼል (ለኒውክለስ ከሁሉም ከሚቀርበው የኤሌክትሮን ምህዋር) አንድ ኤሌክትሮን ተፈንቅሎ ከላይ ያለው ሲተካው የሚወጣው ነው፤ ዋናው መስመር 59 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ላይ ነው። ወጥመዱ እዚህ ጋ ነው። «ቱቦውን በ60 ኪሎቮልት ብናሠራ ይህ መስመር ይታያል?» ቢሉሽ፣ አይታይም። ኤሌክትሮኑን ከኬ ሼል ለማስለቀቅ በቅድሚያ 69.5 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ያስፈልጋል።

ለካንሰር ሕክምና ስለሚያገለግለው የጨረር ምንጭ ስለ ኮባልት 60 ከተጠየቅሽ ኮባልቱ ራሱ ጋማ እንደማይለቅ ንገሪያቸው። ቤታ (ከኒውክለስ የሚወጣ ኤሌክትሮን) ለቅቆ ኒኬል 60 ይሆናል፤ ኒኬሉ ትርፍ ጉልበት ይዞ ስለሚወለድ 1.17 እና 1.33 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያላቸውን ሁለት ጋማዎች ለቅቆ ይረጋጋል። ቤታው ኮባልቱ ከታሸገበት ካፕሱል ብረት አያልፍም።

ሥራው ላይ ይህ ልዩነት ትርጉም አለው። የምርመራ ራጅ ማሽን ሲጠፋ ጨረሩም ያበቃል፤ «ክፍሉ ይናፈስ» የሚሉ ሠራተኞች ያጋጥሙሻል፣ ክፍሉ ውስጥ የቀረ ጨረር ግን የለም። ኮባልት መብራት ቢጠፋም መልቀቁን አያቆምም፤ ምንጩ ወደ መከለያው መመለሱን በመለኪያ ሳታረጋግጪ አትገቢም። ግማሽ ዕድሜው (ጥንካሬው በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ) 5.27 ዓመት ስለሆነ በየወሩ 1.1 በመቶ ገደማ ይዳከማል፤ ዛሬ 2 ደቂቃ የሚፈጅ ሕክምና ከ5.27 ዓመት በኋላ 4 ደቂቃ ይፈጃል። ይህን ስሌት በወረቀት ሥሪው። ቴክኒሺየምንም ሞክሪው፦ ግማሽ ዕድሜው 6 ሰዓት ነው፣ በ24 ሰዓት ውስጥ አንድ አሥራ ስድስተኛው ይቀራል።

የርቀት ሕጉን (ከምንጩ ከ1 ሜትር ወደ 2 ሜትር ስትርቂ ጨረሩ ሩብ ይሆናል) እና የመጠን ገደቦቹን በቃልሽ ያዢ፦ ለሠራተኛ የ5 ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት (ሰውነት የሚቀበለው ጨረር መለኪያ)፣ ለሕዝብ 1።

ለራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂስት የወጣ ማስታወቂያ ላይ አታመልክቺ፤ ትምህርቱም የሙያ ፈቃዱም ሌላ ነው። ሲቪሽ ላይም «ኑክሌር ፊዚክስ ተምሬያለሁ» ከማለት፣ ላብ ውስጥ ሠርተሽው ከሆነ፣ «በሶዲየም አዮዳይድ ዲቴክተር የሲዚየም 137ን 662 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጫፍ ለክቻለሁ» ብለሽ ጻፊ። ቀጥለው ጋማው ከየትኛው ኒውክለስ እንደሚወጣ ቢጠይቁሽ፣ ሲዚየሙ ቤታ ለቅቆ ከሚሆነው ከባሪየም 137ኤም ነው።