«እጃቸው ሲፈታ ይሄዱብኛል»

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት አለኝ። ልጆቹን አሠልጥኜ እጃቸው ሲፈታ ለ300 ብር ጭማሪ ጥለውኝ ይሄዳሉ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ለ300 ብር ብቻ? እኔ እንጃ! ደመወዝ የሚከፍሉት በቀኑ ነው ወይስ «ነገ ነገ» እያሉ? አከራይ መቼም ነገን አይጠብቅም። ከደሴ የሚመላለሱ ካሉ በጊዜ ይልቀቋቸው። ታክሲ ተጋፍቶ የሐረጎን ዳገት በጨለማ መውጣት ያማርራል። የዓመት ፈቃዱንስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ይላል፤ እንደ ውለታ አይቁጠሩባቸው።

ከሁሉ በፊት ግን ተቆጣጣሪዎን ይዩት። ክር በተበጠሰ ቁጥር ልጅቷን በሰው ፊት የሚያመናጭቃት ከሆነ 300 ብሩ ሰበብ ነው። አቅም ካለዎት ደመወዝም ይጨምሩ፣ አልከለክልም። ደግሞ ከቀሩት አንዷን ለብቻዋ ያነጋግሯት። ጓደኞቿ ለምን እንደሄዱ አሳምራ ታውቃለች።