ልጃችን አርግዛለች፤ ፎርም እንሙላ ወይስ እንተወው?

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምንኖረው። እኔና ባለቤቴ እንሠራለን፤ ሁለት ልጆች አሉን። የ17 ዓመቷ ሴት ልጃችን የአምስት ወር እርጉዝ ናት። አባቷ «ዌልፌር (የመንግሥት እርዳታ) ከምንለምን እኛው እናሳድጋለን» ብሎ ፎርም እንዳልሞላ ከልክሎኛል። ዘመዶቻችንም ልጃገረዶችን የሚያስረግዘው የመንግሥት ገንዘብ ነው ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1991 ከ15 እስከ 19 ዓመት ከሆናቸው 1,000 ሴቶች በዓመት 62 ያህሉ ይወልዱ ነበር፤ በ2023 ወደ 13 ወርዷል። ገንዘቡ ቢያስረግዝ ኖሮ ብዙ በሚሰጥበት ስቴት ብዙ በተወለደ ነበር። የሚታየው ግን ተቃራኒው ነው፦ ሚሲሲፒ በጥሬ ገንዘብ እርዳታ ከመጨረሻዎቹ ተርታ ናት፤ የታዳጊዎች ወሊድ ግን የአገሪቱን አማካይ እጥፍ ይጠጋል። ኒው ሃምፕሻየር ከፍ ያለ እርዳታ ትሰጣለች፤ የታዳጊዎች ወሊድ ዝቅተኛ ከሆነባቸው ስቴቶችም አንዷ ናት። ቁጥሩን በዋናነት ያወረደው መከላከያ ማግኘት መቻሉ ነው። ኮሎራዶ ከ2009 ጀምሮ ሉፕና ክንድ ላይ የሚቀበረውን መከላከያ በነፃ ስታቀርብ፣ በጥቂት ዓመታት የታዳጊዎች ወሊድ በግማሽ ገደማ ቀነሰ።

ባለቤትዎን ያስከፋው «ዌልፌር» የሚለው ቃል ይመስለናል። አሜሪካኖችም እንዲሁ ናቸው፤ «ለዌልፌር የሚወጣው አነሰ ወይ?» ሲባሉ አዎ የሚሉት ጥቂት ናቸው፣ «ለድሆች ድጋፍ» ተብሎ ሲጠየቁ ግን አብዛኞቹ አነሰ ይላሉ። ደግሞ ባለቤትዎ የፈሩት ጥሬ ገንዘብ እንዲሁ የሚታደል አይደለም። በ1996ቱ የዌልፌር ሕግ ከ18 ዓመት በታች የሆነች ያላገባች እናት ከወላጅ ወይም ከአሳዳጊ ጋር መኖር፣ ሕፃኑ 12 ሳምንት ሲሞላውም ትምህርቷን መቀጠል አለባት። የወላጅ ገቢም ስለሚታይ እንደ እናንተ ሁለት ሰው ለሚሠራበት ቤት ብዙ ጊዜ አይደርስም። ስለዚህ እሱን ይተዉት። ለእናንተ የሚሆኑት ሜዲኬይድ (ገቢን አይቶ የሚሰጥ የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) እና ዊክ (ለእርጉዞች፣ ለእናቶችና ለሕፃናት የሚሰጥ የምግብ ድጋፍ) ናቸው።

ነገ ጠዋት መጀመሪያ የሥራ ኢንሹራንሳችሁ ዘንድ ይደውሉና «በእኔ ስር ያለች ልጄ ብትወልድ የማዋለጃውን ትከፍላላችሁ?» ብለው በግልጽ ይጠይቁ። የእርግዝና ክትትሉን ከፍለው ማዋለጃውን የማይከፍሉ ኢንሹራንሶች አሉ። የልጅ ልጅንም አብዛኞቹ አይመዘግቡም፤ ሕፃኑ ከሆስፒታል ያለ ኢንሹራንስ ሊወጣ ነው ማለት ነው። እናትየው በወለደችበት ቀን ሜዲኬይድ ካላት ግን ሕፃኑ እስከ አንድ ዓመቱ ወዲያው ይሸፈናል። ከመውለዷ በፊት ያመልክቱ የምንለው ለዚህ ነው።

የሜዲኬይድ ፎርሙ ላይ የቤተሰብ ብዛት ሲጠየቁ 4 ብለው አይጻፉ፤ ያልተወለደውም ይቆጠራልና 5 ናችሁ። በዚያች አንድ ሰው መጉደል ብቻ ገቢያችሁ ከጣሪያው በላይ ሆኖ ማመልከቻው ሊመለስ ይችላል።

ለዊክ መታወቂያ፣ የአድራሻ ማስረጃና የደመወዝ ወረቀት ይያዙ። ሜዲኬይድ ካላት የገቢ ጥያቄው በዚያው ያልቃል፤ የመኖሪያ ፈቃድ ደግሞ መስፈርት አይደለም። ወተት፣ እንቁላል፣ እህልና አትክልት ይሰጣል፤ ካጠባች አንድ ዓመት፣ ካላጠባች ስድስት ወር ለእሷ፣ ለልጁ እስከ አምስት ዓመቱ።

ትምህርቷን አታቋርጥ። ታይትል ናይን በሚባለው ሕግ የመንግሥት ትምህርት ቤት በእርግዝና ምክንያት ሊያባርራት ወይም ያለ ፈቃዷ ወደ ሌላ ፕሮግራም ሊያዛውራት አይችልም። ሐኪም ያዘዘላት እረፍትም ከትምህርት እንደ መቅረት አይቆጠርባትም፤ የሐኪሙን ደብዳቤ ኮፒ ቤት ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ የ19 ዓመት ልጄ የሴት ጓደኛው ልትወልድ ነው፤ እሷም 19 ናት። ሆስፒታል የአባትነት ወረቀት ይቀርብለታል አሉ። ይፈርም?

መልስ፦ ጥርጣሬ ካለው መጀመሪያ የዲኤንኤ ምርመራ ይጠይቅ። ከፈረመ በኋላ ሐሳቡን የሚቀይርበት 60 ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማጭበርበር፣ ማስገደድ ወይም የፍሬ ነገር ስህተት መኖሩን ፍርድ ቤት ማስረዳት ይጠበቅበታል። እሷ የመንግሥት የጥሬ ገንዘብ እርዳታ ከተቀበለች መንግሥት ቀለብ ከአባት ይጠይቃል። ስለዚህ ለልጁ የሚሰጠውን በእጅ አይስጥ፤ በቼክ ወይም በባንክ ይላክ፣ ደረሰኙንም ይያዝ።