ስካነሩ የሞተሩን ኮምፒውተር ሲያጣው

ጥያቄ፦ መኪናዬ በስታርተር ይዞራል፣ ግን አይነሳም። ስካነሩ (ብልሽት የሚያነበው መሣሪያ) ኤቢኤሱን (የፍሬኑን ኮምፒውተር) እና ኤርባጉን ያነባል፤ የሞተሩን ኮምፒውተር ግን አያገኝም፣ «ዩ0100» የሚል ኮድም ያወጣል። መካኒኩ ኮምፒውተሩ ይቀየር አለኝ። ልቀይር?

መልስ፦ አይቸኩሉ። ኮዱ የሚለው ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ከሞተሩ ኮምፒውተር የሚመጣውን መልእክት አጥተዋል ነው እንጂ ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል አይደለም። ኤቢኤሱ ስለሚነበብ ዋናው የካን መስመር (ኮምፒውተሮቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ጥንድ ሽቦ) ሙሉ በሙሉ ሾርት አላደረገም።

ከኤሌክትሪኩ ይጀምሩ፦ የኮምፒውተሩ ፊውዞች፣ ዋናው ሪሌ (ኤሌክትሪክ የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ)፣ ማሳው (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመልሰው ሽቦ)። ፊውዝን በዓይን አይመኑ። ቁልፉ ተከፍቶ በኮምፒውተሩ ማሳ ሽቦና በባትሪው ኔጌቲቭ መካከል ይለኩ፤ ከ0.1 ቮልት በላይ ካነበበ ማሳው ላልቷል ወይም ዝጓል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚሁ ይገኛል።

ቀጥሎ ባትሪውን ነቅለው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁና በስካነሩ ሶኬት 6ኛና 14ኛ ፒኖች መካከል ኦም ይለኩ (በ2008 እና ከዚያ ወዲህ ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩ መኪኖች ካን እዚያ ነው)። በመስመሩ ሁለት ጫፎች 120 ኦም ሬዚስተር ስላለ ጤነኛው ንባብ 60 ነው። 120 ካሳየ አንደኛው ጫፍ ተቆርጧል፤ በብዙ መኪና አንዱ ጫፍ ያለው የሞተሩ ኮምፒውተር ውስጥ ነውና ወደዚያ የሚሄደውን ሽቦና ሶኬት ይመርምሩ።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ኮምፒውተሩ ለሴንሰሮቹ የሚሰጠውን የ5 ቮልት መስመር ባትሪውን መልሰው ይለኩ። ወደ ዜሮ ከወረደ ሴንሰሮቹን አንድ በአንድ ይንቀሉ፤ አንዱ ሲነቀል ስካነሩ ከተገናኘ ጥፋተኛው እሱ ወይም ሽቦው ነው።