ከስብከቱ በፊት ክኒኑን ይዩ

ጥያቄ፦ ደንበጫ አካባቢ በሚገኝ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። ሰንበቴ ላይ ስለ አእምሮ ሕመም ደጋግሜ አስተምሬያለሁ። ሰው ያዳምጣል፤ ታማሚን ግን አሁንም ከሰርግና ከእድር ያርቃል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ማስተማሩ አይከፋም፤ ሰው ግን ከሰማው ይልቅ ያየውን ያምናል። መንደሩ የሚያየው ደግሞ ብዙ ጊዜ የመድኃኒቱን ጣጣ ነው። ሃሎፔሪዶል የተባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንዳንዱ ታማሚ አንገቱ ይጣመማል፣ ዓይኑ ወደ ላይ ይሰቀላል፣ መንጋጋው ይቆለፋል። ይህን ያየ ጎረቤት «ሰይጣኑ ተነሣበት» ቢል አይፈረድበትም። ስለዚህ መድኃኒቱ ሲሰጥ አስታማሚውን አስቀድመው ይንገሩት፦ እንዲህ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ይዞት ይምጣ፤ መርፌ ሲወጋ ይለቀዋል። ቆየት ብሎ የሚመጣው የሰውነት መገተር፣ የእጅ መንቀጥቀጥና የምራቅ መዝረብረብ ነው። በየቀጠሮው ክንዱን አጥፈው እየዘረጉ ይሞክሩት፤ ሲራመድም ይዩት። ከተገተረ ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል ወይም መገተሩን የሚያላላውን ትራይሄክሲፌኒዲል የተባለ መድኃኒት ይጨምራል። ይህ ሳይታይ ከታለፈ ቤተሰቡ ክኒኑን ይተዋል፣ ሕመሙ ያገረሻል፣ መንደሩም «ድሮስ መቼ ይድናል!» ይላል።

ከጸበሉ ጋር አይጋፉ። አጥማቂውን አባት ቀርበው አንድ ነገር ብቻ ይለምኗቸው፦ «መድኃኒቱን ተው» እንዳይሉ። ክኒኑን በጸበሉ ቢውጠው ችግር የለውም። የጾም ሰዓት ካስቸገረም፣ በቀን አንዴ ማታ ብቻ መውሰድ ይችል እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ።

የራስዎንም ግቢ ይፈትሹ። ዘበኛው ታማሚን በር ላይ ካስቆመ፣ ካርድ ክፍል «እብዱ መጣ» ከተባለ፣ የሰንበቴው ትምህርት ከንቱ ድካም ነው።

ከዚህ በኋላ ታክሞ የተሻለው ሰው ራሱ ይናገር፤ ፍርሃትን የሚቀንሰው ከሁሉ በላይ ይህ ነው። ፈቃዱን ለብቻው ይጠይቁት፤ ቤተሰቡ ፊት እንቢ ማለት ይከብደዋል። ሰሞኑን የተሻለው ሳይሆን ለወራት የረጋ ይሁን። 10 ደቂቃ ይበቃዋል፦ ታስሮ የከረመበትን ከሚዘረዝር፣ ዘንድሮ ምን እንዳረሰ፣ ክኒኑን መቼ እንደሚውጥ ይንገራቸው። የእድሩን ዳኛ ደግሞ «አታግልሉት» ብቻ ብለው አይተዉዋቸው፤ ለሚቀጥለው ለቅሶ ከድንኳን ተካዮቹ ጋር ስሙን እንዲጽፉት ይጠይቋቸው።